ነጋድራስ አብዱልመጂድ መኪና ሲገዙ

በየአገሩ ገበያ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ዋጋ ሲነገረው እናቱ የተሰደበች የሚመስለው። ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ሽንኩርቱን ያናንቃል፣ ባለ ሽንኩርቷን ያሳዝናል፣ ደጋግሞ ተሰናብቶ ደጋግሞ ይመለሳል፤ በመጨረሻም ራሱ በጠራው ዋጋ ሸክፎ ይገባል። ሁላችንም እናውቀዋለን። አብረነው ገበያ ወጥተን መሬት ተከፍታ ብትውጠን የተመኘንም ጥቂት አይደለንም።

በሸዋ ሮቢት ይህ ሰው ነጋድራስ አብዱልመጂድ ይባሉ ነበር። ነጋድራስ ብሎ የሾማቸው የለም። ንጉሡም አልሾሟቸው፣ በኋላ የመጣው ጣሊያንም አልሾማቸው፤ ገበያተኛው ራሱ ተማሮ የሰጣቸው ማዕረግ ነው። በርበሬና ጥጥ ከቆላው ሰብስበው ወደ ደብረ ሲና የሚያወጡ፣ ከደጋው ባቄላና ገብስ የሚያወርዱ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው የሚታጠቁ ነጋዴ ነበሩ። የጣሊያን ሹም ሕዝቡን ሰብስቦ አገሩን ገዝተናል ብሎ ባስለፈፈ ዕለት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ፣ እሳቸው አጠገባቸው ወደ ቆመው ሰው ዘንበል ብለው፣

“ገዛን ይላሉ፤ ለማን ከፍለው?” አሉ።

ያ አጠገባቸው የቆመው ሽፈራው ነበር። ሳቁን ለማፈን ሲል ትን ብሎት ሊያስይዛቸው ምንም አልቀረውም።

ሽፈራው የቀወት ገበሬ ነው። ጣሊያን መንገዱን ሲሠራ ድንጋይ ሊፈልጥ ገብቶ፣ ከድንጋዩ ወደ ሾፌር ረዳትነት፣ ከረዳትነቱ ወደ መሪው ተሸጋገረ። መንዳት ቢያውቅም የሚነዳው የራሱ ነገር አልነበረውም። ጭምት ሰው ነው፤ ሰው ፊት መጨቃጨቅ ራቁቱን እንደ መቆም ያሳፍረዋል። እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ከነጋድራስ ጋር ማገናኘቱ ለቀልድ ካልሆነ በቀር ለምን እንደሆነ አይታወቅም።

ያገናኛቸው መንገዱ ነው። መኪና ከሮቢት በርበሬ ጭኖ ደብረ ሲና ገብቶ፣ ሸጦ፣ ምሳውን በልቶ ሲመለስ፣ የነጋድራስ ግመሎች ገና ዳገቱ ሥር ናቸው። ደርሰው ሲያራግፉም ገበያው ጠግቦ ይጠብቃቸዋል። እሳቸው አንድ ዓመት ያህል መኪናን ሲረግሙ ኖሩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ግመሎቹን ለአፋሮች ሸጠው ሽፈራው ደጃፍ መጡ።

“አንተ ትነዳለህ፣ እኔ እገዛለሁ፣ ትርፉን እንካፈላለን” አሉት።

“ምን ሊገዙ ነው ጋሼ?”

“መኪና ነዋ! አዲስ፣ ማንም ያልተቀመጠባት።”

ሽፈራው በመንገድ ሥራው ያጠራቀመውን አወጣ፤ አልበቃ ሲለው በሬዎቹን ጨመረ። በሬ የሸጠ ገበሬ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ያን ዕለት ሚስቱ ዘነበች ባዶውን በረት ጠርጋ አጸዳችው።

ሽፈራው፣ ነጋድራስ ወዲያው ተነሥተው መኪና ሊገዙ የሚሄዱ መስሎት ነበር። አልሄዱም። ከአስመራና ከአሰብ የሚመጡ ሾፌሮች ከሙቀቱ ሸሽተው ከሮቢ ወንዝ ዳር ካለው ሾላ ሥር ያርፋሉ። ነጋድራስ በየቀኑ እዚያ እየተቀመጡ ሐብሐብ እየጋበዙ ይጠይቁ ነበር። ጌታህ ይህችን በስንት ገዛት? ከወደቡ ለማምጣትስ ምን አወጣ? ሐብሐብ የበላ ሾፌር የማይናገረው የለም። ነጋድራስ ውለው አድረው፣ አስመራ ያለው ኩባንያ ለደሴ ሻጮች መኪናዋን በስንት እንደሚያስረክብ አወቁ።

“ከዚያ በላይ የሚጠሩት ሁሉ ሆዳቸው ነው” አሉ። “የሰው ሆድ ደግሞ እኔ አልቀልብም።”

ክረምቱ ሊገባ ሲል ደሴ ወጡ። ይህም ታስቦበት ነው፤ ጭቃ ሲመጣ መኪና የሚገዛ ሰው ይጠፋል።

የሻጩ ግቢ ሰፊ ነው። ሻጩ፣ ሲኞር የሚሉት ጣሊያን፣ ወፍራምና ላብ የሚበዛበት ነው፤ ሐሚድ የሚባል አስተርጓሚ አለው። መኪናዋ ከጥግ ቆማለች። ትንሽ፣ ግራጫ፣ ኋላዋ ለጭነት ክፍት፣ ኮፈኗ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ። ሽፈራው እንዳያት ፊቱ በራ። እጁ ሳያዝዘው ሄዶ መሪዋን ዳሰሰ።

ነጋድራስ ጎሸም አደረጉት። “ፊትህን ሰብስብ! ፊትህ ዋጋ እየጨመረብን ነው። ውጣና ቁም።”

ሽፈራው ወጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ሁሉንም ግን ይሰማል። ሐሚድ ዋጋውን ተናገረ። ነጋድራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም በሐዘን ድምፅ፣

“ይህ ዋጋ ነው ወይስ ስድብ?” አሉ።

ሐሚድ አለስልሶ ሌላ ነገር ተረጎመ። ነጋድራስ መኪናዋን ይዞሯት ጀመር። አንደኛው የፊት መብራቷ የተንሸዋረረ ነው። ጎማዋ የአህያ እግር አይሞላም። ቀለሟ የአመድ ነው፤ ሐዘን ላይ ናት እንዴ? አሉ። ሲኞሩ ዋጋው እንዲህ የሆነው የሸራው፣ የትርፍ ጎማው፣ የቀለሙና የወረቀቱ ተጨምሮበት መሆኑን ጣቱን እያጠፈ አስረዳ።

“ለቀለሙ?” አሉ ነጋድራስ። “እንግዲያው ቀለሙን ፍቆ በርካሽ ይስጠኝ።”

ሽፈራው በር ላይ ቆሞ ላብ አጠመቀው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ የሚያየው እሱን መሰለው። ነጋድራስ ተሰናብተው ወጡና ከመንገዱ ማዶ መኪና የሚሸጥ አንድ አርመን ሱቅ ደጃፍ፣ ሲኞሩ በመስኮቱ በደንብ ከሚያያቸው ቦታ ላይ፣ ሻይ አዘው ተቀመጡ።

“ከአርመኑ ልንገዛ ነው?” አለ ሽፈራው።

“የአርመኑ ከዚህኛው የባሰ ውድ ነው። ሻዩ ግን ጥሩ ነው፤ ጠጣ።”

በማግስቱም እዚያው ጠጡ። ዝናብ ጣለ። ሐሚድ ጃንጥላ ይዞ ተሻግሮ መጣና ሲኞሩ ትንሽ እንደሚቀንስ ነገራቸው። ነጋድራስ ሲኞሩን አመስግንልኝ ብለው ሌላ ሻይ አዘዙ። ሐሚድ ሲመላለስ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆነ። በመጨረሻ ተመልሰው ገቡ። ነጋድራስ ከወገባቸው ቀበቷቸውን ፈቱና አንዲት ጠገራ ብር ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረጉ። ብሯ ጮኸች። ሲኞሩ፣ በአዋጁ መሠረት በወረቀት ሊሬ የሚገበያይ፣ በልቡ ግን ጠገራ ብር የሚወድ ሰው ነበር። ዓይኑ ከብሯ ላይ አልነሣ አለ።

መኪናዋ የአስመራው ኩባንያ ለሻጩ ባስረከበበት ዋጋ፣ ትንሽ ብቻ ታክሎበት፣ ተሸጠች። ሸራው ተመረቀ። ትርፍ ጎማው ተመረቀ። እጅ ሊጨባበጡ ሲሉ ነጋድራስ ቤንዚኑም እስከ አፉ ይሞላ አሉ። ሲኞሩ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው።

“ባርኔጣውም ተመርቆልን ነው ወይ ብለህ ጠይቅልኝ” አሉት ሐሚድን።

ሲመለሱ ሽፈራው አፍሮ፣ ሐርቡ ከተማን እስኪያልፉ ድረስ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም። ነጋድራስ ግን እንደዚያ ሲያንቋሽሿት የነበረችውን መኪና በር እየደባበሱ፣ “አንበሳ ናት ወላሂ! ዓይኗን አየኸው? የሙሽራ ዓይን!” ይላሉ።

ዓመቱ መልካም ሆነ። ሽፈራው በሬዎቹን መልሶ ለመግዛት ትንሽ ቀረው። ነጋድራስ ከጎኑ ተቀምጠው በየመንገዱ ሲከራከሩ፣ እሱ ሞተሩን እያስጮኸ እንዳይሰማ ያደርግ ነበር። አንድ ነገር ግን በመካከላቸው ሳይነገር ይኖር ነበር። ሽፈራው ብቻውን ወደ ደብረ ሲና ሲወጣ ከአንድ ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከኋላ አንድ ሁለት ጆንያ ማሽላ ይወድቃል። ዱር ያሉት አርበኞች መጥተው ያነሡታል። ጆንያ መጉደሉን ነጋድራስ ያውቃሉ፤ አንድም ቀን አልጠየቁም። ለሚያውቃቸው ሰው ይህ ብቻውን ተአምር ነበር።

በጥቅምት አንድ ቀን ይህን ያየ ሰው ለጣሊያን ነገረ። ሽፈራው ደብረ ሲና ኬላ ላይ ተያዘ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ ቆመች፤ እሱን እግሩን በእንጨት ደብድበው ከኬላው የጣሊያን ሹም ቢሮ ጎን ካለች ጎተራ ከተቱት። እንዲህ ባለ ነገር የተያዙ ሰዎች የት እንደሚሰቀሉ ያውቃል፤ ገበያ ሲመጣ አይቷቸዋል። ስለ ዘነበች አሰበ። ስለ ባዶው በረት አሰበ። ደጋው ብርድ ነው፣ እሱ የቆላ ሰው ነው፤ ጎተራው ውስጥ ያገኘውን ባዶ ጆንያ ለበሰ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ የሚያውቀው ድምፅ ሰማ።

“አሰላሙ ዓለይኩም። ያሰራችሁት እሱን ነው? ይህን?” አሉ ነጋድራስ። “እኔ እኮ ደህና ሰው የያዛችሁ መስሎኝ ከሮቢት ድረስ ደከምኩ!”

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሹሙ አንድ ነገር ተናገረ።

“ለሽፍታ ጆንያ ሰጠ? እሱ? ይህ ሰው እኮ ገመድ ማሰር አያውቅም፤ መንገድ ሙሉ እህሌን ሲያፈስ የኖረ ነው። ላባርረው ነበር። ፈሪ ነው፣ እንቅልፋም ነው፣ ጥላውን አይቶ የሚደነግጥ ነው። ሽፍታ ይህን አምኖ ይጠጋል? ብትሰቅሉትም ገመዱን ነው የምታባክኑት።”

ሽፈራው በጨለማው ውስጥ ደሙ ፈላ። በሬዎቹን ሸጦ የተከተላቸው ሰው! በዚህ ሰዓት! ከጣሊያን ፊት! አፉን ከፍቶ ሊጮህ አለ። ከዚያም ድምፁን ልብ ብሎ ሰማው፤ ሐዘን ያዘለ፣ ቸልተኛ፣ ወጥቼ ልሄድ ነው የሚል። ነጋድራስ ዕቃን እንዲህ የሚያናንቁት ሲጠሉት አይደለም። ሊገዙት ሲፈልጉ ነው።

አፉን ዘጋ። ዓይኑ እንባ ሞላ።

ክርክሩ ቀጠለ። ሹሙ ሳቀ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ሳቀ። ወንበር ተገፋ። መስኮቱ ሲከፈት ተሰማ፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለችው መኪናዋ ናት። ሹሙ አጭር ነገር ተናገረ።

“መኪናዋ ትቀራለች፣ ሰውየው ይሄዳል ይላሉ” አለ አስተርጓሚው።

ሽፈራው ጆሮውን ከሳንቃው ላይ ለጠፈ። አሁን፣ አለ በልቡ፣ ይህ ዋጋ ነው ወይስ ስድብ ሊሉ ነው።

“እሺ በለው” አሉ ነጋድራስ።

አስተርጓሚው ራሱ ግራ ገባው። “እሺ ልበላቸው?”

“እሺ አልኩህ እኮ! ቶሎ ንገረው፣ ሳይጨምርብን።”

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በእግራቸው ቁልቁለቱን ያዙ። ሽፈራው እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለት ብሎ ጫማውን በእጁ ይዞ ያነክሳል።

“እኩሌታዋ ያንተ ነበረች” አሉ ነጋድራስ። “ሳልጠይቅህ ሰጠኋት። ዐውፍ በለኝ።”

ሽፈራው ጫማውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውሮ፣ “ገመድ ማሰር አያውቅም አሉኝ” አለ።

“እሱስ እውነት ነው።”

አርማንያ የምትባለው መንደር ሲደርሱ አንድ ባለ በቅሎ አገኙ። በቅሎዋ ባዶዋን ናት፤ ባለቤቷም ወደ ሮቢት ሊወርድ ነው። ነጋድራስ የሽፈራውን እግር እያሳዩ ኪራዩን ጠየቁ። ሰውየው ችግራቸውን አይቶ ዋጋውን ሰቀለው።

“ምን አልክ?” አሉ ነጋድራስ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። የበቅሎዋን ጥርስ አዩ። ጀርባዋን አዩ። ይህች በቅሎ እስከ ሮቢት የምታደርሰው ሰውየውን ነው ወይስ ሰውየው እሷን ነው ብለው ጠየቁ። ሰውየው ተቆጥቶ በቅሎውን ነድቶ ሄደ።

ሽፈራው ወደ እሳቸው ዞረ። “ጋሼ! መኪና የሚያህል ነገር ያለ አንድ ቃል ሰጥተው፣ በበቅሎ ኪራይ?”

“ያኛው ባለ ጠመንጃ ነው፤ ከባለ ጠመንጃ ጋር ዋጋ የለም። ይህ ግን ነጋዴ ነው! ነጋዴ ሲበላኝ ዝም ልል ነው?”

ሽፈራው ሳቀ። ከተያዘ ጀምሮ ስቆ አያውቅም፤ ጎኑን እስኪይዘው፣ መንገደኛው እስኪዞርበት ሳቀ። ነጋድራስ ጥምጥማቸውን ፈቱ፤ እየተነጫነጩ እግሩን ጠቀለሉለት፤ ክንዱን አንሥተው አንገታቸው ላይ ጣሉት፤ ቀጭኗን ትከሻቸውን ከሥሩ አስገቡ። እንዲያ ተደጋግፈው ቁልቁል ወረዱ። ሮቢት እስኪገቡ ድረስ ነጋድራስ የዚያች በቅሎ ትክክለኛ ኪራይ ስንት መሆን እንደነበረበት ሲያስረዱት ነበር፤ ሽፈራውም አንዲት ቃል ሳያቋርጥ ሰማቸው።