የአያ ደሳለኝ ጉልበት

ሰው ዕድሜውን ሙሉ ገደል ለገደል ሲመላለስ ኖሮ የገዛ ደጁ ላይ ይወድቃል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እመኑ። እኔ አይቻለሁ።

አያ ደሳለኝ የሚስቴ አጎት ናቸው። እዚህ ደባርቅ በቅሎ አላቸው፤ የቱሪስት ጓዝ ጭነው ወደ ስሜን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እዚያ ያለውን የጊችን ቁልቁለት ፍየል እንኳ አስባበት ነው የምትወርደው። እሳቸው ስልክ እያወሩ ነው የሚወርዱት።

ታዲያ ክረምቱ ሲገባ ሰናይት የምትባል ሐኪም ከጎንደር መጣች። ጥናት ይዛለች። ባለበቅሎዎች እንዴት ይጎዳሉ፣ እንዴትስ ያገግማሉ፣ ጉዳቱን ቀድሞ መከላከልስ ይቻላል ወይ የሚል። ጥሩ ጥያቄ አይደል? ችግሩ፣ ደባርቅ ውስጥ "ወደቅሁ" የሚል ወንድ ጠፋ። አንዱ በቅሎዋ ናት የጣለችኝ አለ። ሌላው ድንጋዩ ከዳኝ አለ። አንዱማ የሰው ዓይን ነው ብሎ ጎረቤቱን ገላመጠው።

አያ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። "እኔ ወድቄ እንደማላውቅ ሄጄ ልንገራት እንጂ! ትማርበት" ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የደጃፋቸው ድንጋይ ርሷል። ከዚያ የሰማነው "ኧረ በሥላሴ!" የሚለውን ብቻ ነው። ቅልጥማቸው ተሰበረ።

እግራቸው በጀሶ ታሰረ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? በአያ ላይ የበዛው ሾርባ ነው። የዳባት ዘመድ ሳይቀር የበግ እግር ይዞ መጣ። ሁሉም "እንዳይነሱ!" ይላል። እሳቸውም አልተነሱም። እውነቱን ልንገራችሁ? ተመቻቸው።

ጀሶው ሲፈታ ግን ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ሰናይት መጥታ አየችው። "አባቴ፣ አጥንቱ ገጥሟል። ከእንግዲህ የሚያድንዎ መተኛት ሳይሆን መንቀሳቀስ ነው። ያጥፉት፣ ይዘርጉት፣ በትር ይዘው ይራመዱ" አለቻቸው። "እሺ ልጄ" አሉ። እሷ ስትወጣ ተመልሰው ተኙ።

መስከረም ጠብቶ ቱሪስት መምጣት ሲጀምር፣ ብቻችንን ሆነን ጠየቅኋቸው። ለምን አይሞክሩም? ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ፈራሁ፣ አንተ ልጅ። እስከተኛሁ ድረስ የታመመ ባለበቅሎ ነኝ። ተነስቼ ካቃተኝስ? ያኔ ምንድን ነኝ?"

ጋቢያቸውን አለበስኳቸውና ወጣሁ።

ሚስታቸው እትዬ ወርቄ ለካ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ኖሯል። በማግስቱ የቱሪስት ጓዝ የመጫን ተራ ለበቅሎዋ ደረሰ። ተራ ደግሞ ካለፈ አለፈ ነው። እትዬ ወርቄ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው በቅሎዋን ጫኑ።

"አንቱ ተኙ። እኔ እወጣለሁ።"

"ደግሞ የት?"

"ጊች ነዋ።"

"አንቺ ሴትዮ! ያቺ በቅሎ ቁልቁለት ላይ ከፊቷ አይቆምላትም! ጭነቱንም ከኋላ አጥብቂው! ሰማሽኝ?"

ማን ይስማቸው! ሄደዋል። አያ በትራቸውን አፈፍ አድርገው፣ እያነከሱ፣ እየጮኹ፣ እስከ ከተማው ጫፍ ተከተሏቸው። በእግራቸው መቆማቸውን ያወቁት እዚያ ሲደርሱ ነው። ላብ በላብ ሆነዋል። መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከኋላቸው የተከተልኩት እኔም ያላየሁ መሰልኩ።

ከዚያ ወዲያ ማን ያስተኛቸው! ጠዋት ጉልበት ማጠፍ፣ ማታ ጉልበት ማጠፍ፣ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ለታይታ ማጠፍ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እሳቸውም መጀመሪያ እስከ ገበያ፣ ቀጥሎ እስከ ዳገቱ፣ በኋላም ያለ በትር ሄዱ።

በቀደም ሰናይት ልትጠይቃቸው መጣች። ያለ በትር ወዲያ ወዲህ ሲሉ ስታይ ደስታዋን አልቻለችውም። "አባቴ፣ እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ወደ ሥራዎ ተመለሱ ማለት ነው?"

አያ ደሳለኝ ምድጃው አጠገብ ሽሮ እያማሰሉ ነበር። እትዬ ወርቄ ጊች ናቸው። ቱሪስቱ ያለ እትዬ አልሄድም ብሏል።

"እግሬስ ተመልሷል፣ ልጄ" አሉ። "ያልተመለሰው ሥራዬ ነው።"