የጃርቷ ስንቅ

አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ድንቹን ከምትቆፍርበት ጃርት ጋር ሲዋጋ ኖሮ፣ ለፊልም ጃርት እንቅልፍ የሚያጣው ለምንድን ነው? እኔ የማውቀው እንዲህ ያለ አባት በየቤቱ እንዳለ ነው። «የልጆች ነገር!» ይላል፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት መጨረሻ የሚነሳው ግን እሱ ነው።

የእኛ ቤት ክቡር ዳኛ አቶ አስረስ ይባላሉ፤ አባቴ ናቸው። ጦርነቱ ከከተማችን ከሐይቅ አልፎ መብራት በተመለሰ ሰሞን እህቴ ፋና አንድ የካርቱን ፊልም በፍላሽ አመጣች። ትንሿ ጃርት ከተራራው ማዶ ያለውን አገር ማየት ትፈልጋለች፤ አባቷ እሾሁን አቁሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይተኛባታል። የጎረቤታችን የራህማ ልጆች ማታ ማታ እየመጡ ያዩታል። አቶ አስረስም «ዜና ልጠብቅ ብዬ ነው» እያሉ ከፊት ይቀመጣሉ።

ጃርቷ ብቅ ስትል ችሎት ይጀመራል።

«ግቢ አንቺ! ምን አለ እዚያ ማዶ? ያው ድንች ነው!»

«አባዬ፣ እሷ እኮ አትሰማህም» ትላለች ፋና።

«እዚህ ያለችው ትሰማኛለች።»

ክርክሩ የጃርት አልነበረም። ፋና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ የመግቢያው ቀን ደርሷል። አቶ አስረስ ግን «መንገዱ ይረጋጋ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ጃርቷ ተራራው ጫፍ ልትደርስ ስትል «የቀረውን አውቀዋለሁ» ብለው ያጠፉታል። ምኑንም አያውቁትም።

አንድ ምሽት ልጆቿን ልትወስድ የመጣችው ራህማ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ጋሼ አስረስ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይልቀቋት! እኔም መጨረሻዋን ልወቅ።»

የአባቴ ጣት ሪሞቱ ላይ ቆመ። ጃርቱ አባት ከጉድጓዱ አፍ ተነሳ፤ ልጅቷ ሄደች፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። አቶ አስረስ ብቻ ተቆጡ።

«ባዶ እጇን? ስንቅ ሳይቋጥር ልጁን የሚሸኝ ምን ዓይነት አባት ነው? ጃርት ምን ያውቃል!»

በማግስቱ ከወፍጮ ቤት አንድ ፌስታል ሙሉ በሶ አስፈጭተው መጡ። ፋና ፌስታሉን አየች፤ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች።

የሄደች ዕለት ሌሊት ስልኳ ጥሪ አይቀበልም። መጽሐፍ ይዤ ባመሸሁ ቁጥር «ተኛ፣ ዓይንህን ትጨርሳለህ» የሚሉኝ ሰው አጠገቤ ተቀምጠው አነጉ። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር «ደወለች?» ይሉኛል። ስልኩ እኮ በእሳቸው እጅ ነው።

በማግስቱ ደወለች።

«አባዬ፣ ደረስኩ።»

«በሶው ተረፈሽ?»

«ተርፏል።»

«በይ ብዪ።»

ስልኩን ዘጉ። የራህማ ልጆች ፊልሙን ከፈቱ፤ እኔ ለአባቴ ብዬ ድምፁን ቀነስኩት። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ፣ ጃርቷ ገና ከጉድጓዷ ብቅ ስትል፣ አቶ አስረስ ሪሞቱን እንደያዙ ተኙ።