የትርንጎ ግራፊክስ ካርድ

ደባርቅ ውስጥ ማራገቢያ የሚያስፈልገው ነገር አለ ብትሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። እኛ እኮ ክረምት ከበጋ ጋቢ የማይለየን ሰዎች ነን። ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ዕቃ ግን ሦስት ማራገቢያ ታቅፎ መጣ። ሥራው ምስል አሰናድቶ ወደ ስክሪን መላክ ነው። ታዲያ ሲሠራ ይግላል፤ በእኛ ብርድ እንኳ ይግላል!

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ጉራ አይሁንብኝና፣ ከቡይት ራስ እስከ ዛሪማ «አልነሳ አለኝ» ያለ ሁሉ የሚመጣው እኔው ዘንድ ነው። ትርንጎም እንዲሁ መጣች። ትርንጎ ሠርግ ትቀርጻለች፣ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ካርዷ ሥራ ሲበዛበት ስክሪኑን ጥቁር ያደርግባታል።

ያን ሰሞን የያዘችው ሥራ ደግሞ ቀልድ አልነበረም። የዳባቱ አቶ አዱኛ ልጃቸውን በዳሩ በሁለተኛው ወር ባለቤታቸው ወይዘሮ እናኑ አረፉ። ቅዳሜ አርባቸው ነው። አቶ አዱኛ፣ «ፎቶዋስ አለኝ። ስትናገር ነው ማየት የምፈልገው» ብለው፣ ራሷ ከቀረጸችው የሠርጉ ቪዲዮ ሚስታቸው ያሉበትን ብቻ እንድታወጣላቸው ለምነዋታል። ትርንጎ እኔ ዘንድ የመጣችው ሐሙስ ነው።

«ፈርምዌሩ አርጅቶ ነው» አልኳት። ፈርምዌር ማለት ካርዱ ሲነሳ ከሁሉ በፊት የሚያነበው ትእዛዝ ነው። ቄሱ ውዳሴ ማርያም ሳይደግሙ ከቤት ይወጣሉ? እሱም እንደዚያው ነው። አምራቹ አዲስ አውጥቶለታል፤ መጫን ብቻ ነው።

«ሲጫን መብራት ቢቋረጥስ?» አለችኝ።

«ሁለት ደቂቃ ነው። አንቺ ደግሞ!»

መብራቱስ አልተቋረጠም። ሻይ ላዝ ብድግ ስል የጋቢዬ ጫፍ ገመዱን ጠልፎ ከሶኬቱ ነቀለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

መልሰን አበራነው። ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ከወዳደቀ ዕቃ መሀል አሮጌ ካርድ ፈልጌ አጠገቡ ሰካሁ፤ ምስል መጣ። ኮምፒውተሩ አሮጌውን ያየዋል፣ ትልቁን ግን ጭራሽ አላውቀውም አለ። ነቅዬ የሚሰካባቸውን እግሮቹን በላጲስ ፈገፈግኳቸው። የኃይል ገመዱን ቀየርኩ። ሌላ ቦታ ላይ ሰካሁት። የለም!

ትርንጎ አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። እኔን የከበደኝም እሱ ነው። ካርዱን ከእጄ ተቀብላ በስልኳ መብራት ዙሪያውን አየችው።

«ይቺ ምንድን ናት?»

ጠርዙ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ ናት። አይቻት አላውቅም ልላችሁ አማረኝ። አይቻታለሁ፤ ንቄያት ነው። ካርዱ ለካ ሁለት ፈርምዌር ነበረው፤ አንዱ ቢበላሽ በሌላው እንዲነሳ። በጥፍሬ ወዲያ ገፋኋትና ካርዱን ቦታው መለስኩት። ኮምፒውተሩ በስሙ ጠራው! ከዚያ ማብሪያዋን መልሼ፣ ተረጋግቼ በተበላሸው ቦታ አዲሱን እንደገና ጫንኩ፤ ጋቢዬን አውልቄ። የስክሪኑ መጥቆርም ቀረ። ትርንጎ ዓርብ ሥራዋን ጨረሰች።

ቅዳሜ ዳባት ወረድን። ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ወይዘሮ እናኑ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ሙሽራዋን አቅፈው ቆዩ፣ ከዚያ ዞር ብለው፣ «አንተ አዱኛ፣ ኩታህን አስተካክል እንጂ፣ ሰው እያየህ!» አሉ። አቶ አዱኛ እንባቸው እየወረደ ኩታቸውን አስተካከሉ። ማንም አልሳቀም።

«ማነው ይህን ያበጀልኝ?» አሉ በኋላ። ትርንጎ ጨዋ ናት፤ «ኮምፒውተሩን ያዳነው እሱ ነው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። አዛውንቱ ተነሥተው መጡና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «የነካኸው ሁሉ ይዳንልህ! እጅህ ይባረክ!» እያሉ ምርቃቱን ያወርዱት ጀመር። ትርንጎን አየኋት፤ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «አሜን» ነው።

ምን ላድርግ? ፈርምዌር ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ምርቃት ግን አይመለስም።