ጥላዬ ደረቁን ነጭ ወይን በጀብራ ማዕድ እንዳነገሡት

በካርቱም ሀገር፣ ዘመነ ሽግግር በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ዳቦ በሰልፍ መብራትም በስለት በሚገኝበት ወራት፣ ክርስቲያን ቢጠጣ አይገረፍ ከተባለም ዓመት ባለፈ ጊዜ፣ በጾመ ፍልሰታ፣ የአል-ጣኢፍ ሰፈር ወጥ ቤት አዛዥ፣ የመጥበሻ አለቃ፣ የሎሚ ወዳጅ ጥላዬ፣ ከፈረንጅ አሠሪያቸው የተሸለሙትን አንድ ጠርሙስ የዝዋይ ደረቅ ነጭ ወይን እንዲቀዘቅዝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ ሪክሻ በምትባል ባጃጅ ላይ ወጥተው ወደ ጀብራ ሰፈር ዘመቱ።

የዘመቱበትም ምክንያት ይህ ነው። የጀብራ ምግብ ቤት እመቤት ወይዘሮ አረጋሽን ለትዳር ጠይቀው ነበርና፣ እርሳቸው ደግሞ እንዲህ ሲሉ አስነገሩ፦ «ጥላዬ ወይን አውቃለሁ እያለ ጆሯችንን በላው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያምጣና እንየው! የእንግዶቼን ፊት ካስጨማደደብኝ ግን ኸላስ፣ አበቃ፤ ጠርሙሱንም ጥያቄውንም ይዞ ይሂድ።»

ተከትለዋቸው የገቡት ሠራዊትም እነዚህ ነበሩ፦ ብርጭቆ ተሸካሚው ጀምበሬ፤ የሪክሻው ጌታ በሽር፣ ወይን የማይቀምስ በከርከዴ ሻይ ግን የማይታማ፤ የወይዘሮ አረጋሽ ጎረቤት ዝናሽም፣ በምላስ ማንም የማይረታት።

ማዕዱ ተዘረጋ። ነገር ግን፣ አበስኩ ገበርኩ! ጀግናው ከጉጉት ብዛት ወይኑን ከቀይ ሽሮ ጋር ቀዱት። ይህ ወይን መልኩ የገለባ፣ ሽታው የሎሚ ልጣጭ፣ ማር የሚባል ስላልጎበኘው ደረቅ የተባለ፣ ቆምጠጥ ያለ ነውና፣ በርበሬ ባገኘ ጊዜ እሳት ሆነ። ጀምበሬ እንባ አቀረረ፤ የወይዘሮ አረጋሽ ቅንድብ ወደ ላይ ወጣ፤ የጥላዬም ልብ ወደ ታች ወረደ። ዝናሽም የስፕራይት ጠርሙሷን መዝዛ ተነሣችና አወጀች፦ «ያላ፣ እናጣፍጠው! ይሄ ኮምጣጤ እንዲሁ አይጠጣም!»

ጥላዬም ብርጭቆዎቹን በሁለት መዳፋቸው ጋርደው እንዲህ ብለው አስነገሩ፦ «ማንም ለስላሳ እንዳይጨምርበት! ጥፋቱ የወይኑ አይደለም፣ የእኔ ነው። ጠባዩን ሳልጠይቅ ከበርበሬ ጋር የዳርኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ታገሡኝ!»

ይህንም ብለው፣ ሽርጥ ታጥቀው፣ ወደ ማጀት ገብተው፣ የዓባይ ዓሣ በዘይት ጠብሰው፣ ሎሚ ጨምቀውበት ወጡ። ወይኑም የዘይቱን ክብደት ከምላስ ላይ አነሣ፤ ዓሣውም የወይኑን ቁጣ አበረደ። ዝናሽ የስፕራይቷን ክዳን መለሰች። ሁሉም ደስ አለው፤ ወይዘሮ አረጋሽ ሲቀሩ። እርሳቸውማ ሳህኑን ገፍተው አወጁ፦ «ዓሣ ፍስክ ነው! በእመቤታችን ጾም አልነካም፤ የበላም ከንስሓ አባቱ ጋር ይነጋገር!»

ወይ ጉድ! ድሉ ለሁሉ ሲሆን ለአንዷ ካልሆነ ምን ድል ነው? ጥላዬ ግን አልተከራከሩም፤ የወይዘሮዋን ጾም አክብረው ዳግመኛ ወደ እሳቱ ተመለሱ። ከባቄላ የተጠበሰውን የሱዳን ጣዕሚያ፣ ውጪው እየተንኮሻኮሸ፣ በሰሊጥ ጣሂና ነክረው፣ ከአዲስ ብርጭቆ ጋር በወይዘሮዋ ፊት አቆሙ። ወይዘሮ አረጋሽ ቆረሱ፤ ተጎነጩ። ከዚያም ወይዘሮዋ ብርጭቆውን ለድጋሚ ዘርግተው አዋጁን አወጁ፦

«ሲቀምሱት ቁጡ ይመስላል፤ የሚስማማውን ካገኘ ግን ገር ነው። ሰውየውም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ዛሬ ምንም አልልም፤ ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌ ይላክ!»

እልልታው እስከ ዋናው ጎዳና ተሰማ። እንግዲህ በርበሬን የታገሡ፣ ስፕራይትን ያለ ደም የመለሱ፣ ጥፋታቸውን በአደባባይ ያመኑ፣ ለአንዲት ሴት ጾም ሲሉ ዳግመኛ ምጣድ ፊት የቆሙ ጥላዬ ይመስገኑ፤ ስማቸውም ከጀብራ እስከ ዐማራት ሰፈር ይጠራ! ጾሙ ሊፈታ ገና ሳምንት ቢቀረውም፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ሽማግሌ ፍለጋ ወጥተዋልና።