ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም

በየከተማው ዓመተ ምሕረት የማይበቃው አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው «በእንትና ሠርግ ሰሞን» ወይም «ድልድዩ የተሰበረ ዓመት» እያለ ሲያወራ፣ እሱ ዘመንን የሚያስታውሰው አንድ ዶላር በስንት ብር ይመነዘር እንደነበረ ነው። የቦንጋው ጋሽ ገብረሚካኤል ይባላሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባንክ ቤት ሠርተዋል፤ ከዚህ ሁሉ የሚኮሩበት ግን በየጠዋቱ የዕለቱን ምንዛሪ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ መጻፋቸው ነው። ጡረታ ሲወጡ ጋቢ ተሸለሙ። ጋቢውን አመስግነው ከተቀበሉ በኋላ ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ሰሌዳ ለምነው ወሰዱና አጥራቸው ላይ ሰቀሉት።

አጥሩ ከይመኙሻል የማርና የኮረሪማ ሱቅ ጋር ይዋሰናል። የይመኙሻል መከራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ገዢ መጥቶ «ማር ኪሎው ስንት ነው?» ሲል፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ክቡር የምንዛሪ ጸሐፌ ትእዛዝ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«በዛሬው ነው ወይስ ዶላር አምስት ብር በነበረ ጊዜ?»

ገዢው ዞር ካለ አለቀለት። ዶላር በሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸጥ ብሎ እንደኖረ፣ አንድ ቀን ብድግ ብሎ አምስት ብር እንደገባ፣ በሁለት ሺህ ሁለት ነሐሴ ላይ አሥራ ስድስት ብርን እንዳለፈ፣ ከሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ገመዱን እንደበጠሰ ወይፈን መቶን ጥሶ እንደሄደ፣ ከነማሩ ዋጋ ይተረክለታል። ሲጨርሱ ገዢው «እንግዲያው በድሮው አድርጊልኝ» ይላል። ይመኙሻል በዚህ ምክንያት ያጣችውን ደንበኛ ቤቷ ይቁጠረው።

ልቅሶ ቤት እንኳ አይመለሱም። «ነፍሱን ይማረው፣ ሲወለድ ሁለት ብር ከሰባት ነበር» ይላሉ። በዚህ አቆጣጠር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተወለደ የካፋ ሰው ሁሉ እኩያ ነው። አምና ይመኙሻል ልጇን ዝማሬን ስትድር ደግሞ እንደ ጎረቤት ሽማግሌ መርቁ ተባሉ። ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ፍቅራችሁ እንደ ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም አይናወጥ» አሉ። ከዋጫ የመጡት የሙሽራው ወገኖች ነገሩ ሳይገባቸው «አሜን» ብለው ተቀበሉ። ይመኙሻል የምትገባበት ጠፋት።

እንዲህ ሲኖሩ፣ በቀደም ለት ሳምሶን የሚባለው አዲሱ የባንክ ሠራተኛ ማር ሊገዛ መጣ። ጋሽ ገብረሚካኤልም እንደ ልማዳቸው፣ «ዶላር አምስት ብር የገባው በሰማንያ አራት ነው» ብለው ጀመሩ።

ሳምሶን ስልኩን ነካ ነካ አደረገ። «ጋሼ፣ መስከረም ሰማንያ አምስት ነው የሚለው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። በዚህ እጄ።»

ሳምሶን ስልኩን አሳያቸው። ከሺሺንዳ ኮረሪማ ይዞ የመጣው ነጋዴ ሀምዛ ሳቀና፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ስልኩን ነው የምንጠይቀው በሉኛ» አለ። ጋሽ ገብረሚካኤል ከበርጩማቸው ተነሥተው የሰሌዳውን ፊት ወደ አጥሩ አዞሩና ቤታቸው ገቡ።

በመጀመሪያው ቀን ይመኙሻል «እፎይ» አለች፤ ማሯንም በዛሬ ዋጋ ብቻ ሸጠች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ላከችላቸው፤ ሳይነካ ተመለሰ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በሦስተኛው ቀን ራሷ ሄዳ አንኳኳች። «ራሴን አሞኝ ነው» የሚል ድምፅ በበሩ ውስጥ መጣ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ያን ጊዜ ፈራች። ገዢ በመጣ ቁጥር ያ የጉሮሮ ጠረጋ ይሰማ እንደሆነ ጆሮዋን ታቆም ጀመር። ሀምዛ «ዶላር ዛሬ ስንት ዋለ?» ሲላት «ስልክህን ጠይቅ» ብላ ጮኸችበት። ስልኩ ቁጥሩን ነገረው። ሀምዛ ግን ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣውን ወሬ የሚጠብቅ ይመስል ቆሞ ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ይመኙሻል ጠመኔ ገዛች። ሰሌዳውን ገልብጣ በትልልቁ «የዛሬ ምንዛሪ፦ 1 ዶላር 2 ብር ከ07 ሳንቲም» ብላ ጻፈችና ሱቋ ገብታ ማር መመዘን ያዘች።

አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው «ይሄማ ስሕተት ነው» አለ ጮክ ብሎ። የጋሽ ገብረሚካኤል በር ተከፈተ።

«ማነው በሰሌዳዬ ላይ የቀለደው?» ከስተዋል፤ ጠመኔያቸው ግን በእጃቸው ነበር።

«ምን ተሳሳተ ጋሼ?» አለች ይመኙሻል ቀና ሳትል።

«ምን ተሳሳተ ትላለች እንዴ። አገር እያሳሳታችሁ።» በጋቢያቸው ጫፍ ሰሌዳውን ጠረጉ። ወደ ሥራው ሲያልፍ የነበረው ሳምሶን ጠጋ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «የዛሬውን ልንገርዎት?» አላቸው።

ትንሽ አዩት። «ንገረኝ። የዛሬው ያንተ ሥራ ነው።»

የነገራቸውን ጻፉ። ከሥሩም በትንንሹ «አምስት ብር የገባው፣ መስከረም 1985» ብለው ጨመሩ። ይመኙሻል ይህን አንብባ ከሱቋ ወጣች። በርጩማውን አቀረበችላቸውና በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«ጋሼ፣ እኔ ይህን ሱቅ ስከፍት ዶላር ስንት ነበር?»

«ስምንት ብር ከስልሳ ስምንት» አሉ ሳያመነቱ። «ጥር ዘጠና ስምንት። ዝማሬን በአንድ እጅሽ፣ የማር ጣሳ በሌላው ይዘሽ መጣሽ። እስከ ቀትር ድረስ የጠየቀሽ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዋን ኪሎ የገዛሁት እኔ ነኝ።»

ይመኙሻል ያችን ኪሎ አልረሳችም፤ እሳቸው የረሷት መስሏት ነበር እንጂ። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረግ ስታደርግ አንዲት ሴት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«ማር ኪሎው ስንት ነው?»

ጋሽ ገብረሚካኤል ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ሲሉ ይመኙሻል ቀደመቻቸው።

«በዛሬው ነው፣» አለቻት፣ «ወይስ ዶላር አምስት ብር በነበረ ጊዜ?»