የተረት ተቆጣጣሪው

ተረት በሚወራበት አገር ሁሉ «ጥንት እንዲህ አልነበረም» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ዓለም ሲፈጠር ወንበር ይዞ ያየ ነው የሚመስላችሁ። የእኛ ሰፈር የመጋላው ጋሼ ዲሪር ይባላሉ። እኛ ክቡር የተረት ተቆጣጣሪ ነው የምንላቸው፤ ሠላሳ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲያዩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ተረት ዞረዋላ።

እኔ ከሰዓት ከሰዓት በርጫ ላይ አንዲት የጨው አገር ፈጥሬ አወራለሁ። ግመሎቿ ይናገራሉ፣ ባህሯ ተነስቶ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል። ጋሼ ዲሪር በዚህ ቅር አይላቸውም። አንዲት ልጅ ግመል ላይ ሳወጣ ግን ጫታቸውን ያስቀምጣሉ።

«ቆይ አቦ። ብቻዋን ነው የምትሄደው?»

«ብቻዋን።»

«በማን ፈቃድ?»

«በራሷ።»

«ጥንት ሴት ልጅ ያለ አባቷ ፈቃድ ደጅ አትወጣም። ተረቱን አታበላሽ።»

«ጋሼ፣ ትናንት የፈጠርኩት እኮ ነው።»

«ቢሆንም ጥንቱን ጠብቅ።»

ጦር ሳስይዛት ሙቀጫ ይሰጧታል። ንግሥት ላደርጋት ስል ይድሯታል። አንዴ ከግንብ ዘላ ልታመልጥ ስትል፣ ቀሚሷ ያደናቅፋታል ብለው ግንቡ ላይ ሦስት ቀን አቆዩብኝ።

ጅቡቲ በባቡር እየተመላለሰች የምትነግደው ሃሊሞ፣ «ጋሼ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ሴትና ወንድ እኩል ነው ተብለናል» ትላቸዋለች።

«ተረት ቀበሌ የለውም» ይሏታል።

የሚያንገበግባቸውን መጋላ ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ልጃቸው ፋዱማ ጅቡቲ ሄጄ ልሥራ ብላ ብትለምናቸው ተቆጡ። ካቻምና የቀበሌ ይለፍ እንኳ ሳትይዝ በግመል መንገድ ወጥታ ቀረች። ደብዳቤ የለም። የጅቡቲ ባቡር ሲገባ ግን ጡረተኛው የድሮ ኮፍያቸውን አድርገው ለገሃር ጣቢያው በር ላይ ይቆማሉ። ትኬት የሚያዩ መስለው ፊት ያያሉ።

አንድ ሮብ ሃሊሞ፣ «ነገ ጅቡቲ ነኝ። ተረቱን ጨርስልኝ፣ እዚያ ላሉት ልጆቻችን ላውራላቸው» አለችኝ።

ጀመርኩ። ልጅቷ ግመሏ ላይ ወጣች። ጋሼ ዲሪር ጫታቸውን አስቀመጡ።

«እዚህ ጋ ተሳስተሃል» አሉ።

«ላውርዳት ጋሼ?»

«አታውርዳት። ትሂድ። አባትየው ግን ፈቅዶላታል። ሊነግራት ደጅ ድረስ ወጥቶ ነበር፤ ዘገየ እንጂ። አላየችውም።» ጫታቸውን መልሰው አነሱና፣ «ጥንትም እንደዚህ ነው» አሉ። ወደ ሃሊሞ ዞሩ። «እንደዚሁ ንገሪያቸው። ምንም ሳትቀንሺ።»

«እሺ ጋሼ» አለች።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ካልመጡ ተረቱን አልቀጥልም። እስኪደርሱ ልጅቷ ግመሏን ይዛ ደጅ ላይ ቆማ ትጠብቃቸዋለች።