ለወገቤ የገዛሁት ብስክሌት

ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው ሳይ እቀናለሁ። እኔ መቀመጥ አልችልም። ወገቤ አያስቀምጠኝም፤ እሱ ቢምረኝ ደግሞ ሐሳቤ ያስነሳኛል። ይህችንም ቆሜ ነው የማወራችሁ፤ እናንተ ግን ተቀመጡ።

ሥራዬ ቀለም መቀባት ነው። ያኔ ከጦርነቱ ማግስት ሐርጌሳ ግማሿ ፍርስራሽ፣ ግማሿ አዲስ ግድግዳ ነበረች። ግድግዳ ካለ ቀቢ ይፈለጋል አይደል? ከምኖርበት ሰፈር ከኮድቡር ሥራ እስካለበት እስከ ጋአን ሊባህ ባልዲዬን ከኋላ አስሬ በአሮጌ ብስክሌት እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት መንገድ ላይ ለሁለት ተሰበረ። እኔ መሬት ላይ፣ ቀለሙ እኔ ላይ።

አርፍጄ ስደርስ የምቀባው ቤት ባለቤት፣ ሐጃ የሚባሉ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ግድግዳው እዚያ ነው" አሉኝ በጣታቸው እያሳዩ። ቀጥለውም ነገ ካረፈድኩ ሌላ ቀቢ እንደሚያመጡ ነገሩኝ። ሲቀልዱ አልነበረም። ያ ሥራ ከሄደ የቤት ኪራዬም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

በዚያው ቀን ከአሱር ሰላት በኋላ ከሰዒድ ጋር ያገለገለ ብስክሌት ወደሚሸጥበት ሄድን። ሰዒድ ልብስ ሰፊ ነው፤ እንደኔው የወሎ ልጅ። ኪሴ ውስጥ ያለው ለብስክሌት ይበቃል፤ ለምቾት መብቃቱ ነው ያጠራጠረኝ።

ሰዒድ አንድ ጥቁር ብረት መረጠልኝ። ግመል ቢጫንበት አይሰበርም አለ። ተቀመጥኩበት፤ ድንጋይ ነው። ሌላው መሪው ወደ ታች የታጠፈ ነው። ታዲያ እንደ ሰጋጅ ሩኩዕ እንዳጎነበስኩ ጋአን ሊባህ ልደርስ ነው? ሦስተኛው ግን ኮርቻው ሰፊ፣ ከሥሩ ሞላ ያለው፣ መሪው ወደ ደረት የቀረበ። ወላሂ፣ ስቀመጥበት ወገቤ ዝም አለ! መውረድ አቃተኝ።

"አንተ፣ ይሄ እኮ የሴት ነው!" አለ ሰዒድ አፍሮ።

"ወገቤ ወንድና ሴት አይለይም" አልኩት።

ሻጩ ሐጂ ጃማ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ግመል ሲያሻሽጡ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዋጋውን ስጠይቃቸው ሻላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና እጄን በሥሩ ያዙት። ደስ አለኝ። እኛ ወሎ ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ጣቶቼን ጨበጥ ሲያደርጉኝ እኔም ጨበጥ አደረግኳቸውና "አልሐምዱሊላህ" አልኩ። ደገሙ፤ ደገምኩ። ሰለሱ፤ እኔ ጠበቅ አደረግኩ። ሽማግሌን በአንድ እጅ ብቻ መጨበጥ ነውር መስሎ ስለታየኝ ሁለተኛ እጄንም በሻሉ ሥር ጨመርኩበት።

የሐጂ ዓይን ፈጠጠ። "ባረከላሁ!" ብለው ጮኹ። በዙሪያችን የቆመው ሁሉ "ማሻአላህ!" አለ። ብስክሌቱ ተሸጠ።

"ምን ነካህ?" አለኝ ሰዒድ። "በሻል ሥር የሚደረገው ድርድር ነው! ሰው እንዳይሰማ ዋጋውን በጣት ነው የሚነጋገሩት!"

ሐጂም ለተሰበሰበው ሰው እየማሉ ይናገራሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሲሸጡ፣ ሻጭ ሲቀንስ ገዢ ሲጨምር አይተው አያውቁም።

አፈርኩ። ተናደድኩም፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። የጨመርኩት ከያዝኩት በልጦ ነበር፤ ኪሴን ገልብጬ አሳየኋቸው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ግን በሰው ፊት የተጨበጠ ተጨብጧል አሉ። ያለኝን ልሰጥ፣ ለጎደለው አዲሱን ሱቃቸውን ልቀባ፣ እስክጨርስ ብስክሌቱ እሳቸው ዘንድ ሊቆይ ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግጄ በእግሬ ወደ ሐጃ ቤት እገሰግሳለሁ። አንድም ቀን አላረፈድኩባቸውም፤ ሥራዬ ተረፈ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሐጂን ሱቅ እቀባለሁ። በየመሃሉ ወገቤን ይዤ እንጎራደዳለሁ። ብስክሌቴ በሩ ላይ ቆሟል። ሐጂ ሻያቸውን ይዘው ኮርቻው ላይ ጉብ ብለዋል።

በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻውን ግድግዳ ጨረስኩ። ብሩሼን አጥቤ ፊታቸው ቆምኩና "ሐጂ፣ አለቀ" አልኳቸው።

ከኮርቻው አልወረዱም። ሻያቸውን ፉት አሉና ግድግዳውን ረጋ ብለው አዩት።

"ወሪያ አንተ፣ አንድ ዙር ብትደግምበትስ?"